ዕዳ ከሜዳ አይመጣም

በዛሬው ዝግጅታችን የአገር ዕዳ ሲከማች ተጠያቂው ማን ነው የሚለውን እናያለን። ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ሥልጣን ላይ ያለው «ከቀደመው መንግሥት የወረስኩት ነው» ይላል፤ ከሥልጣን የወረደው ደግሞ «እኔ ያወረስኩት መንገድና ግድብ ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። ክርክሩን ትተን አንድ ብድር ከመነሻው እንከተል።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲን የባቡር መስመር ውሰዱ። ውጥኑ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ዘመን ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይናው ኤግዚም ባንክ ተገኘ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. መስመሩ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኃይለማርያም ደሳለኝ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የ10 ዓመቱ የመክፈያ ጊዜ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ተስማሙ። አንዱ ወጠነ፣ አንዱ መረቀ፣ ሌላው አራዘመ። ዋናውን ክፍያ የሚሸከሙት ግን ብድሩ ሲፈረም ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ዜጎች ናቸው። ብድር ለፖለቲከኛ የሚጥመው ለዚህ ነው፤ ጭብጨባው አሁን ነው፣ ክፍያው በሌላ ሰው ዘመን። ስለዚህ ተጠያቂነት መነሳት ያለበት በፊርማው ዕለት እንጂ ክፍያው ሲያቅት አይደለም።

«ወረስኩት» የሚለውም ቢሆን ገደብ አለው። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሆች አገሮች በተዘጋጀው የስረዛ መርሐ ግብር ተጠቃሚ ሆናለች፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ ዕዳ ተሰርዞላታል። ከዚያ ወዲህ የተከማቸውን በደርግ ማሳበብ አይቻልም።

ታዲያ ሕጉ ኃላፊነቱን ለማን ሰጠ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት ሥራ አስፈጻሚው የሚፈርማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የውጭ ብድር ስምምነትም በአዋጅ ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። በወረቀት ላይ እንግዲህ ብድሩ የእንደራሴዎቹም ነው። በተግባርስ? ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከ547 መቀመጫዎች ተቃዋሚ ፓርቲ የያዘው አንዷን ብቻ ነበር። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ እሷም ጠፋች። ትልልቆቹ ብድሮች የተወሰዱት በእነዚህ ዓመታት ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን ዜና ስንት ጊዜ ሰምታችኋል?

ከዚህ የከፋው ግን ምክር ቤቱ ጭራሽ የማያየው ብድር ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚበደሩት ገንዘብ በፌዴራል በጀት ውስጥ አይገባም ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 10 አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች ይሠራሉ ተባለ፤ ብዙዎቹ በጊዜያቸው አልደረሱም። የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ ወለዱ ግን መቁጠሩን አላቆመም። በ2013 ዓ.ም. የእነዚህን ድርጅቶች ዕዳ የሚረከብ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ንግድ ባንክን ለማጠናከር የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ አጸደቀ። ሲበደሩ በጀት ውስጥ ያልነበረው ዕዳ ሲከፈል የግብር ከፋዩ ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም የፖለቲከኛ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ኮቪድን ማንም አልመረጠውም። የሰሜኑ ጦርነት የበላውን ሀብትና ያሸሸውን አበዳሪ ግን እንደ ድርቅ የሰማይ ቁጣ አድርገን ልንቆጥረው አንችልም፤ ጦርነት የሰው ውሳኔ ነው። በዶላር ተበድሮ ዶላር የማያስገኝ ሥራ ላይ ማዋልም እንዲሁ። በ2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለስኳር፣ ለኃይል ማስተላለፊያና ለኢንዱስትሪ ፓርክ የታሰበ ነበር። የወጪ ንግዳችን የተጠበቀውን ያህል ሳያድግ ቀረ፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል አለፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አንድ ዶላር ሳንጨምር የውጭ ዕዳችን በብር ሲሰላ እጥፍ ወደ መሆን ተጠጋ።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. በቻይናና በፈረንሳይ ከሚመራው የአበዳሪ አገሮች ኮሚቴ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል። ፋታ ይሰጣል። ነገር ግን ፋታን ከይቅርታ ለይተን እንያት፤ ክፍያው ቢሸጋሸግም ዕዳው አለ፣ የአሠራሩም ክፍተት ካልተደፈነ ሌላ ዙር ይከተላል።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ለልማት ድርጅቶች የሚሰጠው የብድር ዋስትና እንደ ብድሩ ሁሉ ምክር ቤት ይቅረብ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የብድር አዋጅ ሲጸድቅ መክፈያው ዶላር ከየት እንደሚገኝ በጽሑፍ ይያያዝ፤ ዋና ኦዲተሩም ከዓመታት በኋላ ያንን ወረቀት ይዞ ይመርምር። ሦስተኛ፣ በእንግሊዝኛ የሚታተመው የመንግሥት ዕዳ መግለጫ ገበሬውም ነጋዴውም በሚረዳው ቋንቋ ይውጣ። አራተኛ፣ ድምፅ ሲሰጥ የደጋፊና የተቃዋሚ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስማቸውም ይመዝገብ። ሚኒስትር ይሾማል፣ ይሻራል፤ እንደራሴ ግን ተመልሶ ድምፃችሁን ሊጠይቅ ይመጣል። ያኔ በየትኛው ብድር ላይ እጁን እንዳወጣ ጠይቁት።