ፊዮርድና የምዕራብ ወሎ ገደሎች

ፊዮርድ የሚባለው የበረዶ ግግር ፈልፍሎት ኋላ ባሕር የገባበት፣ ግራ ቀኙ በገደል የታጠረ ረጅምና ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ነው። ስሙ የኖርዌጂያኖች ሲሆን፣ የቋንቋ ሊቃውንት ሥሩን «መሻገር፣ ማለፍ» ከሚል ጥንታዊ ግንድ ይመዙታል፤ ተራራው መንገድ በከለከለበት አገር በጀልባ የሚታለፈው በዚያው ውኃ በመሆኑ ስያሜው ተገቢ ነው።

በምዕራብ ወሎ ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም የተዘረጋው ደጋ በሰሜን በበሽሎ፣ በምዕራብ በዓባይ፣ በደቡብ በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ ነው። የአገሩ ሰው «በረሃ» የሚለው የዓባይ ሸለቆ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ የባሕሩ ጥልቀት 1,300 ሜትር ከሚደርሰው ከኖርዌዩ ሶኝ ፊዮርድ ጋር ቢነጻጸር አያስነቅፍም። አፈጣጠራቸው ግን ለየቅል ነው። የበረዶ ግግር በክብደቱ ተጭኖ ሲንሸራተት ሸለቆውን እንደ ገበቴ ወለሉን አስፍቶ ይቦረቡረዋል፤ ወደ ባሕሩ አፍ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚደክም በዚያ ወለሉ ከፍ ብሎ እንደ ደፍ ይቀራል። ወንዝ በአንጻሩ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ መቆፈር አይሆንለትም። ስለዚህ የዓባይ ሸለቆ ዛሬ በባሕር ቢሞላ እንኳ የሰመጠ የወንዝ ሸለቆ እንጂ ፊዮርድ ሊባል አይችልም።

በረዶ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ ባለፈው የበረዶ ዘመን የባሌንና የሰሜንን ተራሮች አናት ሸፍኖ ነበር፣ ወደ ቆላው ግን አልወረደም። ባሕርም ቢሆን የዓባይን አገር ያውቀዋል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ሥር፣ በገደሉ ወገብ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከዚያ እጅግ ቀድሞ የነበረ ባሕር ያነጠፈው ነው።

እነዚህ ገደሎች እንደ ፊዮርድ ማለፊያ የሚሆኑት ሰው መንገድ ሲያወጣላቸው ብቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ የበሽሎን ገደል ቁልቁልና ሽቅብ ዓለቱን እያስፈለጡ መንገድ አስጠርገዋል። ብዙም ሳይቆይ እርሳቸውን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከደላንታ ወደ በሽሎ የወረደው በዚሁ መንገድ ነበር።