የኦክ ፍሬ፣ ሬንጅና እሳት፦ ስለ ቶንግቫ ሕዝብ የምግብ ሥርዓት



የዓለምን ሕዝቦች አኗኗር ማስተማር ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስለ ደቡብ ካሊፎርኒያው የቶንግቫ ሕዝብ በማስታወሻዬ የሰፈረችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ «በአደንና በለቀማ የሚተዳደሩ» የምትል። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ «ለመሆኑ የሚለቅሙት ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የሰጠኋትን መልስ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የዛሬው ንግግሬ የዚያ መልስ እርማት ነው።

ቶንግቫዎች ዛሬ ሎስ አንጀለስ በተንጣለለችበት ሜዳ፣ እንዲሁም ሳንታ ካታሊናን በመሳሰሉ ደሴቶች የኖሩ፣ አሁንም በአገራቸው ያሉ ሕዝብ ናቸው። የስፔን መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1771 የሳን ጋብሪየልን ሚሲዮን ከመሠረቱ በኋላ በሚሲዮኑ ስም «ገብሪየሌኞ» ተባሉ።

ዋና ምግባቸው የኦክ ዛፍ ፍሬ ነበር። ከዛፍ ሥር ለቅመው ወዲያው የሚጎርሱት ነገር አይምሰላችሁ። ፍሬው ቆዳ የሚለፋበት ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት እጅግ መራራ ነው። ስለዚህ በመጸው ይሰበሰባል፤ ይደርቃል፤ በጎተራ ይከተታል፤ ተፈልፍሎ በድንጋይ ሙቀጫ ይወቀጣል። ምሬቱ እስኪለቅ ድረስም በዱቄቱ ላይ ውኃ ደጋግሞ ይፈስበታል። ገንፎ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጎጃም ያደጋችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም፤ ግብጦም ለቀናት ውኃ ውስጥ ካልሰነበተ አይበላምና። እናቴ ግብጦ ስትዘፈዝፍ ያየ ሰው «ባለሙያ» ይላት ነበር እንጂ «ለቃሚ» ያላት አላስታውስም።

ለማብሰያ ከሳሙና ድንጋይ የተፈለፈለ ድስት ነበራቸው፤ ይህ ድንጋይ እሳት አይሰነጥቀውም። ድንጋዩ የሚወጣው ከካታሊና ደሴት ሲሆን፣ ደሴቲቱ ከየብስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ያን ባሕር የሚሻገሩት «ቲአት» በሚሉት ጀልባ ነበር፤ ሳንቃዎቹ በገመድ ይሰፋሉ፤ ስፌቱም ከምድር በሚፈልቅ ሬንጅ ይደፈናል። ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያላችሁ፣ በፌርፋክስ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባለውን ሰፈር ሳታውቁት አትቀሩም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በላ ብሬያ ሬንጁ ዛሬም ይፍለቀለቃል። እንጀራ በልተው የሚወጡት ወገኖቻችን የቆሙበት ምድር የማን እንደነበረ ስንቶቹ ጠይቀው ይሆን?

ዓሣ የሚያጠምዱበትን ክብ መንጠቆ አባሎን ከሚሉት የባሕር እንስሳ ዛጎል ይሠሩ ነበር። አዳኙ የአጋዘን ራስ ከነቆዳው አጥልቆ፣ እንደ አጋዘን እየሄደ ወደ መንጋው ይጠጋል። ጥንቸል ደግሞ በመረብና በቆልማማ ዱላ ይያዛል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የመሣሪያው ነገር አይደለም። ቶንግቫዊት ሴት ያገባው ስኮትላንዳዊው ሂዩጎ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1852 በሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ባሳተማቸው ደብዳቤዎች እንደጻፈው፣ አዳኝ ራሱ የገደለውን አይቀምስም፤ ከቀመሰ ዕድሉ ይርቀዋል ተብሎ ይታመናልና። ዓሣ አጥማጁም እንዲሁ። በመሆኑም ሁለት ሁለት ሆነው ወጥተው ያገኙትን ይለዋወጣሉ። ይህን «አጉል እምነት» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሥጋ በአንድ ቤት ተሸሽጎ እንዳይቀር የሚያደርግ ሕግ ሆኖ ነው የማነበው።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ፤ ክርክሬ እዚህ ላይ ነውና። ቶንግቫዎችና ጎረቤቶቻቸው ሣር ምድሩን በየጊዜው ሆን ብለው ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ ጥንቸሉን ከጎሬው ያስወጣል፤ በቀጣዩ ወቅትም ለአጋዘን የሚሆን ለምለም ቡቃያና ተቆልቶ የሚፈጭ የዘር እህል ይበረክታል። ዛሬ በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ቺያ የቅርብ ዘመድ ከነዚህ እህሎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1542 የመጣው መርከበኛ ካብሪዮ ከዚያ ጠረፍ አንዱን ወሽመጥ «የጢስ ወሽመጥ» ብሎታል። እንግዲህ እሳት እየለኮሰ መስኩን የሚያድስ፣ ቀጣዩን ምርት አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ከገበሬ የሚለየው በምንድን ነው? ማረሻ ስለሌለው ብቻ?

ገዢው አሪያጋ እ.ኤ.አ. በ1793 ይህን ማቃጠል በአዋጅ ከለከለ። የሚሲዮኑ ከብቶችም የዘር እህሉን ሣር ጋጡት። በማጭድ ያልታጨደ ሁሉ ጌታ እንደሌለው ተቆጠረ። «ለቃሚ» የሚለው ቃል ንጹሕ የሚመስለው መሬቱ ለማን እንደተላለፈ እስክንጠይቅ ድረስ ነው። እኔም ይህን ቃል ከሃያ ዓመት በላይ ሳልመረምር ለተማሪዎቼ አስተላልፌአለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአልታዴና አንድ ኤከር ያህል መሬት ቶንግቫዎች ላቋቋሙት ማኅበር ተመለሰ። ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። በላዩም የኦክ ዛፎች አሉበት።

ያቺ ተማሪ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለች ዐውቃለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ የእርስዋ ይሁን።