አስተናግርና ዘመዶቹ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የምሳ ሰዓት ስለደረሰ አጠር አደርገዋለሁ። ርዕሴም ከምሳው ብዙ አይርቅም። በርበሬው፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙና ድንቹ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በሳይንሱ ሶላናሴ ይባላል። ሲጋራ ለማጨስ ወጣ ያላችሁትም አላመለጣችሁም፤ ትምባሆም ዘመዳቸው ነው። በየአጥሩ ሥር የምናያቸው እምቧይ፣ ጊዘዋና አስተናግርም እዚያው ናቸው።

ይህ ቤተሰብ ራሱን በኬሚካል መጠበቅ ያውቅበታል። ድንች ብርሃን ሲመታው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ክሎሮፊል ስለሆነ አይጎዳም፤ በዚያው ብርሃን የሚጨምረው ሶላኒን ግን መርዝ ነው፣ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። በርበሬ ደግሞ ካፕሳይሲን አለው። አፋችንን የሚያቃጥለን ሙቀትን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ስለሚቀሰቅስ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ ይህን ተቀባይ በካፕሳይሲን አማካይነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ዛሬ ካፕሳይሲን ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር የነርቭ ሕመም ቆዳ ላይ እየተለጠፈ ይሰጣል።

ዋናው ጉዳዬ ግን አስተናግር ነው። አጤ ፋሪስም ይሉታል፤ አበባው ጥሩንባ ይመስላል፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። ስሙ ራሱ የሕመሙን ምልክት ይናገራል። የበላው ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ጥርሱን ያመመው ሰው የፍሬውን ጭስ ይታጠናል። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው የሚጠጣው አብሾም ከእርሱ ይዘጋጃል ይባላል።

በውስጡ አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን አሉ። ሦስቱም አሴታይልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ከተቀባዩ ላይ ያግዱታል። ታዲያ አፍ ይደርቃል፣ ቆዳ ይግላል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሽንት ይያዛል፣ አእምሮ ይቃዣል።

አሁን ደግሞ ማላታይን ሲረጭ ውሎ የተመረዘ ገበሬ አስቡ። የእርሱ ነገር ተቃራኒ ነው፤ አሴታይልኮሊን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ስለተያዘበት መልእክተኛው ሞልቶ ፈሷል። ምራቁና እንባው ይወርዳል፣ ብሌኑ ይጠባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። ሐኪሙ ምን ይሰጠዋል? አትሮፒን! ደረቱ እስኪደርቅና ትንፋሹ እስኪጠራ ድረስ በየደቂቃዎቹ እየጨመረ ይወጋዋል። አንዱን የሚያሳብደው ሞለኪውል ሌላውን ከሞት ይመልሳል ማለት ነው።

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አምፑሉ ላይ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው ተጽፏል። አስተናግሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ የንጥረ ነገሩ መጠን ከቅጠል ቅጠል፣ ከአፈር አፈር፣ እንደ ተክሉ ዕድሜም ይለያያል። አባቶቻችን ተክሉ ኃይል እንዳለው በትክክል አውቀዋል፤ የሚመዝኑበት መሣሪያ ግን አልነበራቸውም። እኛ ኖሮን ሳለ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ማስታወቂያ ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ያናድደኛል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየጤና ጣቢያው የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ትናንት ደህና የነበረ ልጅ ዛሬ ቀባጥሮ፣ አፉ ደርቆ፣ ብሌኑ ሰፍቶ ሲመጣላችሁ፣ «አበደ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደበላ ጠይቁ። ቤተሰቡ «ቅጠል ቀምሷል» ብቻ ካለ አይበቃም፤ ተክሉን ነቅለው ያምጡት፣ በአካባቢው የሚጠራበትም ስም ካርዱ ላይ ይጻፍ። በየወረዳው ስሙ ስለሚለያይ ቀጥሎ የሚረከበው ሐኪም ላያውቀው ይችላል። መምህራን የሆናችሁም ተክሉን በሥዕል ሳይሆን በአካል ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ፤ በእርሻና በትምህርት ቤት አጥር ሥር ስለሚበቅል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የነካው እጅ ግን ዓይን እንዳይነካ፤ ብሌኑ ሰፍቶ ማንበብ ያቅታችኋል።