አንድ ቁጥር ለሁለት አይሰጥም

(የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ንባብ ክፍሉ ኢንተርኔት በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ በግቢያችን ከውኃው መጥፋት በበለጠ ያነጋገረን የንባብ ክፍሉ ኢንተርኔት እንደሆነ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። ጉዳዩ ከማጉረምረም አልፎ ጠብ ሆኗል። ተማሪዎቹ ፊልም እያወረዱ መስመሩን ጨርሰውታል የሚል አቤቱታ በጽሑፍ ደርሶናል፤ ክፍሉ ይታሸግ የሚል የውሳኔ ሐሳብም ለዛሬው ስብሰባ ቀርቧል። በሌላ በኩል የበሩ ካሜራ እየጠፋ እየበራ ስላስቸገረ፣ ሆን ብሎ የሚያጠፋው አለ ተብሎ በስም የተጠረጠሩ ልጆች አሉ። ልጅን በስም መጠርጠር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ እጅ አውጥተን ከመወሰናችን በፊት ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሙያው ካላቸው ሁለት ነዋሪዎች ጋር ሆነን ሁለት ማታ ፈትሸናል። ያገኘነውን አስቀድመን እንናገር፤ መስመሩን የጨረሰው ፊልም አይደለም፣ ካሜራውንም ያጠፋ ልጅ የለም። የተበላሸው በራውተሩ ውስጥ ያለው የቁጥር አሰጣጥ ነው።

ቁጥር ስንል ምን ማለታችን ነው? በኢንተርኔት ላይ የሚነጋገር ዕቃ ሁሉ፣ ስልክም ይሁን ኮምፒዩተር፣ ካሜራም ይሁን የጽሕፈት ቤቱ ማተሚያ፣ እንደ ቤት ቁጥር ያለ መለያ ሊኖረው ግድ ነው። ይህም አይ ፒ አድራሻ ይባላል። እኛ የምንጠቀምበት ዓይነት በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ሊሆን ይችላል። ተባዝቶ ሲታይ ከ4 ቢሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ብዙ ይመስላል፤ ግን ለዓለም ሕዝብ አልበቃም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለክፍላተ ዓለም የሚከፋፈለው ክምችት በየካቲት 2011 ተሟጥጧል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ታዲያ አልበቃ ካለ እንዴት እየሠራ ነው? ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ግቢ ብሎክ 7 አለ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ግቢም ብሎክ 7 አለ። እያንዳንዱ በየግቢው ስለሚታወቅ ሁለቱ አይጋጩም። በ1996 ዓ.ም. የተደረገውም ይኸው ነው። ሦስት የቁጥር ክልሎች ለግቢ ውስጥ ብቻ እንዲያገለግሉ ተለዩ። ይኸውም በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። የእኛ ራውተር 192.168.1.1 ነው፤ በከተማው ውስጥ ስንትና ስንት ቤት ይኸው ቁጥር ያለው ራውተር ተሰቅሏል፤ ማንም ከማንም አልተጋጨም።

ወደ ውጭ ስንወጣ ግን ግቢው በሙሉ በአንድ ቁጥር ይታያል። ይህንንም ማኅበራችን ካለው አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ደብዳቤው ሁሉ በዚያ ሣጥን ይመጣል፤ የማን እንደሆነ ለይቶ በየቤቱ የሚያድለው ጸሐፊያችን ነው። ራውተሩም የትኛው ስልክ ምን እንደጠየቀ በዝርዝር ይዞ፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህ አሠራር በባለሙያዎቹ ቋንቋ ናት ይባላል፤ አጠራሩ እናት ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና የለውም፤ ባለፈው አንድ አባት ጠይቀውን ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። አንድ ስልክ ወደ ንባብ ክፍሉ ሲገባ ቁጥር የለውም። ስለዚህ «ቁጥር የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጮኻል፤ ራውተሩ «ይህን ልስጥህ» ይላል፤ ስልኩ «እሱን እወስዳለሁ» ይላል፤ ራውተሩም «ጸድቋል፣ እስከዚህ ሰዓት የአንተ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ይህ አገልግሎት ዲ ኤች ሲ ፒ ይባላል። ቁጥሩ የሚሰጠው በኪራይ እንጂ በስጦታ አይደለም፤ ጊዜው ሲያልቅ ካልታደሰ ለሌላ ይተላለፋል። ስልኩ ከቁጥሩ ጋር የመውጫውን በር ቁጥርና ስም የሚጠየቅበትን ቁጥርም አብሮ ይረከባል። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በፍተሻው መጀመሪያ የተገኘው የኪራዩ ጉዳይ ነው። ራውተሩ እንዲያድል የተፈቀደለት ከ192.168.1.100 እስከ 149፣ ማለትም 50 ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ የኪራዩም ጊዜ 24 ሰዓት ነበር። ቅዳሜ ጧት ለአሥር ደቂቃ ብቅ ብሎ የሄደ ልጅ ቁጥሩን እስከ እሑድ ጧት ይዞት ይቆያል። ከዚህም ሌላ በዘመኑ ስልኮች የሚታወቁበትን መለያ ለምስጢር ሲሉ ይለዋውጣሉ፤ አንዱ ስልክ ሁለት ሰው መስሎ ሁለት ቁጥር የሚይዝበት ጊዜ አለ። ከሰዓት በኋላ ላይ ዝርዝሩን ስናየው 50ውም ተይዟል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን የተቀመጡት ጥቂቶች ነበሩ። ለዚህ ነው ዘግይቶ የመጣው ተማሪ «ዋይፋዩ ይታያል፣ አይገባም» እያለ ሲያለቅስ የከረመው። ክልሉን ከ100 እስከ 239 አስፍተነዋል፤ ኪራዩንም ወደ 2 ሰዓት አውርደነዋል። ይህ አምስት ደቂቃ የፈጀ ሥራ ነው፤ አንድ ብርም አላስወጣም።

ሁለተኛው የካሜራው ነው። ካሜራውን የሰቀለው ባለሙያ 192.168.1.120ን በእጁ ጽፎበት ሄዷል። ቁጥሩ ግን ራውተሩ ከሚያድላቸው መካከል ስለሆነ፣ ራውተሩ ካሜራው እንደያዘው ሳያውቅ ለአንዱ ስልክ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ አንድ የቤት ቁጥር ለሁለት ቤት ሆነ ማለት ነው፤ ደብዳቤው አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይደርሳል። ስልኩ ከግቢ ሲወጣ ካሜራው ይመለሳል። ለዚህ ነው ልጆቹ በመጡ ቁጥር ካሜራው የሚጠፋ የሚመስለው። ደግሞስ መምሰል ብቻ አይደለም፣ እውነትም እነሱ ሲመጡ ነበር የሚጠፋው፤ ግን የነካው የለም። አሁን ካሜራው 192.168.1.10፣ ማተሚያው 192.168.1.11 ተሰጥቷቸዋል፤ ሁለቱም ከሚታደለው ክልል ውጭ ናቸው።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው፤ ጠቡንም የፈጠረው እሱ ነው። አንድ ነዋሪያችን በቅን ልቦና፣ ዋይፋዩ በጓሮ በኩል ላሉት ደካማ ስለሆነ፣ ቤታቸው የተቀመጠ ትርፍ ራውተር አምጥተው ከግድግዳው ገመድ ጋር አገናኝተውታል። ስማቸውን አንጠራም፤ ስላሰቡልንም እናመሰግናለን። ነገር ግን ያ ራውተር ከፋብሪካው ሲወጣ ቁጥር እንዲያድል ተደርጎ ስለሆነ፣ በግቢው ውስጥ ሁለት ቁጥር አዳይ ተፈጠረ። ስልኩ «ማን ይሰጠኛል?» ብሎ ሲጮኽ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው የቀደመውን መልስ ነው። የእኛው ከቀደመ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያገኛል፤ ይሠራል። እንግዳው ከቀደመ 192.168.0 ብሎ የሚጀምር ያገኛል፤ የመውጫ በሩም ያ ትርፍ ራውተር ራሱ ነው ተብሎ ይነገረዋል። ያ ራውተር ደግሞ ወደ ውጭ መውጫ የለውም። ግድግዳ ነው። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች የአንዱ ይሠራል፣ የአንዱ አይሠራም፤ የማይሠራለትም «ያኛው እየጨረሰብኝ ነው» ይላል። በእሱ አልተፈረደም፤ ማን ቢሆን እንዲያው ነበር የሚያስበው።

ነቅሎ መሰካት መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ። አዎን፣ አንዳንዴ ይሠራል፤ ዕጣው እንደገና ስለሚወጣ ነው። በማግስቱ ግን ያው ነው። እንዲያውም አንዳንድ ራውተር ሲነቀል የኪራይ ዝርዝሩን ስለሚረሳ፣ የተያዘውን ቁጥር ለሌላ መስጠት ይጀምራል። እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትንቀሉት።

ትርፉ ራውተር ይጣል ማለታችን ግን አይደለም፤ ጓሮው በእርግጥ ደካማ ነው። ከግቢው ገመድ ሳይገናኝ ለብቻው በኮምፒዩተር ይከፈታል፤ ቁጥሩ ወደ 192.168.1.2 ይለወጣል፤ ቁጥር ማደሉ፣ ማለትም ዲ ኤች ሲ ፒው፣ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ገመዱ ኢንተርኔት ተብሎ በተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ በአንዱ ይሰካል። ያኔ ቁጥር አዳዩ አንድ ይሆናል፤ ሁለተኛው ዋይፋዩን ወደ ጓሮ ማድረስ ብቻ ይሆናል ሥራው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ማለትም ሳይስተካከል ከተሰካ፣ ያንኑ ጠብ እንደገና እናመጣዋለን።

ስልካችሁ ሲያስቸግር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመምጣታችሁ በፊት በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ አይ ፒ አድራሻ የሚለውን እዩ። በ192.168.1 ከጀመረ በቁጥር በኩል ደኅና ነው። ሌላ የ192.168 ቁጥር ከሆነ፣ እንግዳ ራውተር ግቢ ገብቷል ማለት ነው፤ ቶሎ ንገሩን። በኮምፒዩተር ላይ 169.254 የሚል ካያችሁ ደግሞ ዕቃው ጮኾ ጮኾ የሚመልስለት ስላጣ ለራሱ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው፤ በዚያ ቁጥር ወደ ውጭ አይወጣም።

ስለ ስም መጠየቂያው ጥቂት እንጨምር፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ገጹን በስም እንጂ በቁጥር አይጠራም። ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት ዲ ኤን ኤስ ይባላል። ቀድሞ የስሞቹ ዝርዝር በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ተይዞ፣ ሁሉም ከዚያ ነበር የሚገለብጠው፤ ስሙ ሲበዛ አልተቻለም፤ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የአሁኑን አሠራር ነደፈ። እኛ ዘንድ የሚያሳስበው ይህ ነው። ራውተሩን ከፍቶ ይህን የመጠየቂያ ቁጥር የለወጠ ሰው፣ የባንካችሁን ስም ስትጠሩ ወደ ራሱ ቤት ሊመራችሁ ይችላል። ፈጠራ አይደለም፤ በ2011 በአሜሪካ ፖሊስ የተደረሰበት አንድ ቡድን በዚሁ ዘዴ ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች ወደ 4 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ወደ ተሳሳተ ቦታ ሲመራ ነበር። በመሆኑም የራውተራችን የይለፍ ቃል ከፋብሪካው እንደመጣ «አድሚን» መሆኑ ያስደነግጣል፤ ለውጠነዋል። ከውጭ ሆኖ ማስተካከል የሚያስችለውንም ዘግተናል። እናንተም ቤታችሁ ያለውን እንዲሁ አድርጉ። የባንክ ገጽ ስትከፍቱ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣም አልፋችሁ አትግቡ።

ካሜራውን ከሥራ ቦታ ሆኖ በስልክ ለማየት ከውጭ በር ይከፈትልን ያላችሁ አባሎች አላችሁ። እኛ አልተስማማንበትም። ለእናንተ የተከፈተ በር ለማያውቀን ሰውም ክፍት ነው። ደግሞም አንዳንድ መስመር ላይ ከውጭ የሚታየው ቁጥር ራሱ ከብዙ ደንበኞች ጋር የጋራ ስለሆነ በሩ ቢከፈትም የሚደርስ የለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ውሳኔ ይህ ነው። ክፍሉ ይታሸግ የሚለው ሐሳብ ይነሣልን፤ የመልቀቂያ ፈተና ያለባቸው ልጆች ሌላ ቦታ የላቸውም። በስም የተጠረጠሩት ልጆች ዛሬ እዚሁ፣ ወላጆቻቸው በተገኙበት፣ ነፃ መሆናቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በቋሚነት የተሰጡት ቁጥሮች በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፈዋል፤ አዲስ ዕቃ ከግድግዳው ገመድ ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ያስመዝግብ። የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ከገንዘብ ያዣችን ዘንድ ይቀመጥ።

የጓሮውን ራውተር የፊታችን ቅዳሜ በ8 ሰዓት እንሰቅላለን። የመሰላላችን አንድ መረገጫ ተሰብሯል፤ ደኅና መሰላል ያለው ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል።