የአያት ስም እንዳይጠፋ



እኔ ለማስተማር ተመድቤ መካነ ሰላም የመጣሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዕድሜ ልጃችሁ ነኝ። ዛሬ ስለ ስም እንነጋገራለን።

በእንግሊዝ አገር አንድ ቤተሰብ አንድ ስም ይዞ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል። እዚያ የሕዝብ ቆጠራ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1801 ነው። ከ1841 ወዲህ የየሰዉ ስም ተጽፎ ተቀምጧል። መዝገቡ 100 ዓመት ሲሞላው ይከፈታል። ያን ጊዜ የልጅ ልጅ ቅድመ አያቱ የት እንደኖረ፣ በምን ሥራ እንዳደረ ያነባል።

የእኛስ? እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የልጅ ስም ይቀድማል፤ የአባት፣ ከዚያም የአያት ይከተላል። ልጅ ሲወለድ አንድ ስም ከፊት ይገባል፣ አንድ ስም ከኋላ ይወድቃል። አገር አቀፍ ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። በ1999ኙ ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ ተቆጥሯል። ነገር ግን የሚታተመው ቁጥሩ ነው። አያቱን የሚፈልግ ሰው እዚያ አያገኝም።

ታዲያ አባቶቻችን መዝገብ አልነበራቸውም? ነበራቸው። መዝገቡ የሽማግሌ ልብ ነበር። በርስት ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው፣ መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት እስከ ራሱ ድረስ ቆጥሮ ያስረዳ ነበር። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። የሚቆጥርለት ሽማግሌ የሞተበት ድኻ ይፈረድበት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ለመሬት ብሎ ዘር መቁጠር ቀረ። ስሙ ግን አብሮ እየተረሳ ነው።

የራሴን ላጫውታችሁ። አያቴ ሰፈር የሚጠራቸው ስም ሌላ፣ የክርስትና ስማቸው ሌላ ነበር። ትምህርት ቤት ስንገባ በእኔ ወረቀት አንዱ ተጻፈ፤ በወንድሜ ወረቀት ሌላው ተጻፈ። የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዳ ሆንን! ወንድማማች መሆናችንን ለማስረዳት ምስክር ቆጠርን። የአያቴን እናት ስም ብጠይቅ ደግሞ የሚያውቅ ጠፋ። የእናቶች ስም ከልጅ ስም ኋላ ስለማይጻፍ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

እንግዲህ አሁን ፊደል አውቃችኋል። አንድ ደብተር ያዙ። በአንድ ገጽ የአባትን ወገን፣ በሌላው ገጽ የእናትን ወገን ጻፉ። ሰው ሁለት ስም ካለው ሁለቱንም ጻፉ። የተወለደበትን አገር ጨምሩ። ዓመቱ ካልታወቀ፣ «ከ1977ቱ ድርቅ በፊት» ወይም «በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሃይማኖቱ ሌላ ነው ብላችሁ ዘመድ አትዝለሉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ በሰፈሩ በዕድሜ የገፉትን ጠይቁ። እነሱ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

ለሚቀጥለው ትምህርት እያንዳንዳችሁ የአያቶቻችሁን ስም ጽፋችሁ አምጡ፤ የሴቶቹንም ጭምር። እኔም ለአክስቴ ደብዳቤ ጽፌ የአያቴን እናት ስም ጠይቄአለሁ። መልሱ ሲመጣ አነብላችኋለሁ።