እቴቴን ያስታመምንበት ሰባት ሳምንት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር)

ሰብሳቢያችን ስለ እቴቴ ሕመም እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ሐኪም ስላልሆንኩ አመንትቼ ነበር። የምነግራችሁ ሳስታምም ያየሁትንና ሐኪሞቹን እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ነው።

ታላቅ እህቴ ድምፅዋ ጎረነነ። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብልና ማር አጠጣናት፤ ወራት አለፉ። ሐኪም ቤት የሄድነው አንገቷ ላይ እብጠት ሲወጣ ነው። የጉሮሮ ካንሰር ነበር፤ ወደ አንገቷ ዕጢዎች ደርሷል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን መታየት እንዳለበት ያን ጊዜ ማን ነገረን?

ጨረርና ኬሞቴራፒ አንድ ላይ ይሰጣታል ሲባል ዘመድ ሁሉ ደነገጠ። «ተስፋ ስለቆረጡ ነው» ያሉም ነበሩ። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለማዳን አስበው ነው። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ካንሰሩ ጨረሩ ያደረሰበትን ጉዳት እንዳይጠግን ይከለክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማን የተካተቱባቸውን ጥናቶች የደመረ ሥራ አለ። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከ100 ሰው በ6 ወይም በ7 ይጨምራሉ ይላል። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ከስድስቱ አንዷ እቴቴ ብትሆንስ? ለሁሉም ግን አይሰጥም፤ ዕድሜ ከ70 ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ሲስፕላቲንን አይችልም።

ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሰባት ሳምንት፣ 35 ቀን ነው፤ መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ። የተበላሸ ጥርስ አስቀድሞ ይነቀላል፤ ከጨረር በኋላ መንቀል መንጋጋ ይጎዳል።

አራተኛው ሳምንት ላይ አፏ ቆሰለ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት። «በቃኝ፣ ጠበል ውሰዱኝ» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ልስማማ ነበር። ሐኪሙ «ጨረሩ ሲያልቅ ትሄዳለች፤ አሁን ካቋረጠች ካንሰሩ ያንሰራራል» አለን። ከዚያ ወዲያ ምግብ ከመስጠታችን ግማሽ ሰዓት በፊት ማስታገሻ፣ ቀጥሎ ቀጭን አጥሚት፣ ወተት፣ በጨውና በሶዳ ውሃ መጉመጥመጥ ሆነ ሥራችን። (ጠያቂ ግን ዶሮ ወጥ ይዞ ይመጣል! በርበሬው ለቁስል አይሆንም፤ ደግነታቸውን እግዜር ይይላቸው።) በመጨረሻ በአፍንጫዋ ቱቦ ገባላት። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው፤ ኬሞው የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል።

ይኸው ሦስት ዓመቷ። አፏ ይደርቃል፣ ውሃ ከእጇ አይለይም፣ አንድ ጆሮዋ ይጮኽባታል። ግን ቡና እየጠራችኝ ነው።

35ቱን ቀን እኔ ብቻዬን አላደረስኳትም፤ እናንተ ተራ ይዛችሁ፣ የታክሲ አዋጥታችሁ ነው። አሁን የአንዲት አባላችን ባል ያንኑ ሕክምና በሚመጣው ሰኞ ይጀምራሉ። የሐሙስንና የዓርብን ተራ እስካሁን የያዘ የለም፤ መዝገቡ ጸሐፊያችን ዘንድ ነው።