ካሜራ የያዘ እጅ እና የእንስሳት ሐቅ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከልክላለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ እንግዳ ወደዚያ የሚሄደው ጠመንጃ ሳይሆን ካሜራ ይዞ ነው። ከኬንያ ተራራ በስተሰሜን ያለው ሌዋ የአንድ ቤተሰብ የከብት እርባታ ነበር። በ1983 ከመሬቱ ከፊሉ ለአውራሪስ መጠለያ ተከለለ፤ በ1995 ደግሞ ሁሉም የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። በኦል ፔጄታም ከብቱና የዱር አራዊቱ በአንድ መሬት ይሰማራሉ። እንግዳው የመግቢያና የማደሪያ ይከፍላል፤ ስለዚህ ባለመሬቱ በሕይወት ካለ አውራሪስ ይጠቀማል።

ይህ መልካም ነው። የፎቶግራፍን ፍርድ በተመለከተ ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው፤ የዛሬው ርእሳችን ግን እርሱ አይደለም። ርእሳችን ፎቶው በምን ዋጋ ይገኛል የሚለው ነው።

አቦሸማኔ በአብዛኛው የሚያድነው በቀን ነው። መኪኖች ከበው ቢያስጨንቁት አደኑ ያመልጠዋል፤ ግልገሎቹም ይራባሉ። ለፎቶ ሲባል ጎጆዋ የተነካ ወፍ ሸሽታ ትቆያለች፤ እንቁላሏን ፀሐይ ያበላሸዋል። ከነሕይወቷ የታሰረች አይጥ ለጉጉት ማባበያ የሚያቀርብም አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር የተኩስ ዒላማ ያደረገን ሰው መርገማቸውን እናስታውስ።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰሓቦች በጉዞ ላይ የአንዲትን ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያራገበች መጣች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ባዩ ጊዜ በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠየቁ፤ ጫጩቶቹም እንዲመለሱላት አዘዙ። ልብ እንበል፤ ጫጩቶቹ አልተገደሉም። የእናቲቱ ጭንቀት ብቻውን ለትእዛዙ በቂ ምክንያት ሆነ።

ስለዚህ ጥሩ ፎቶ አንሺ በውኃ ኩሬ ዳር በተሠራ መደበቂያ ሆኖ በሶብር ይጠብቃል። እንስሳው ጆሮውን ካቆመ ወይም መብላቱን ከተወ ወደ ኋላ ይላል። በአጥር ውስጥ የተያዘውንም አውሬ በዱር ያገኘሁት ነው ብሎ ሰው አያታልልም።

ወላጆች ሆይ! ለዚህ ትምህርት ኬንያ መሄድ አያሻም። ልጆቻችን ዛሬ ሞባይል ይዘው የግቢያችንን የወፍ ጎጆ ሊያነሱ ዛፍ ይወጣሉ። ጎጆውን ሳይነኩ ከሩቅ ማየትን እናስተምራቸው። እንስሳት እንደኛው ኡመቶች መሆናቸውን ቁርኣን በሱረቱል አንዓም ነግሮናል፤ እኛም ስለ እነርሱ እንጠየቃለን።

አላህ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።